ወባ በተመናመነበት አካባቢ የመጋለጥን ምክንያት ለይቶ ማወቅ

ለሠፈራና ለዕርዳታ ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

በአንድ ወረዳ የወባ ሕሙማን ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት ሲቀንስ ሥራው የቀለለ ይመስላል። እውነቱ ግን ሥራው መልኩን መለወጡ ነው። በሽታው በየቤቱ በሚገኝበት ጊዜ ለሁሉም አጎበር ማደልና ሁሉንም ቤት መርጨት ተገቢ መልስ ነበር። በሺሕ ይቆጠሩ የነበሩት ሕሙማን ወደ ዐሥርና ሃያ ሲወርዱ ግን «ወባ የት አለ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። «እነዚህ ጥቂት ሰዎች ከጎረቤቶቻቸው ተለይተው ስለምን ታመሙ?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያላገኘ ወረዳ በብዙ ድካም ያተረፈውን ውጤት በአንድ የመኸር ወቅት ሊያጣው ይችላል።

ያለፈው ዘመን የሚያስተምረው

የኢትዮጵያ ደገኛ የቆላን ንዳድ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ቆላ ወርዶ የሚያርሰው ገበሬ ሲመሽ ወደ ደጋው ወጥቶ ማደርን የለመደው ያለ ምክንያት አልነበረም። የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ቀን ከዋለበት ቦታ ይልቅ ሌሊት ያደረበት ቦታ ለበሽታው መጋለጡን ይወስናል።

እ.ኤ.አ. በ1958 ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት በተከሠተበት ወቅት ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች ተዛምቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዳሳመመ፣ 150,000 ያህሉንም እንደገደለ ተገምቷል። ጉዳቱ የከፋው በሽታውን ስላልለመደ የመከላከል ኃይል ባላዳበረው ሕዝብ ላይ ነበር። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ያህል ሰዎች ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ በተዛወሩበት ጊዜም ወባ ከሠፋሪዎቹ ዋና ዋና የጤና ችግሮች አንዱ ሆኖ ታይቷል።

የስሪ ላንካ ታሪክ ደግሞ በሽታው ሊጠፋ በተቃረበበት ወቅት መዘናጋት የሚያስከትለውን ያሳያል። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. በ1963 የተመዘገቡት ሕሙማን 17 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ርጭቱ ቆመ፤ ክትትሉም ላላ። ዝናብ አጥሮ ወንዞች እየተቆራረጡ ኩሬ በሠሩበት ወቅት ለትንኟ መራቢያ ተመቻቸ። እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1969 በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ታመሙ። አገሪቱ ከወባ ነፃ መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት ያረጋገጠላት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። «በድርቅ ጊዜ ወባ አይነሣም» የሚለው አስተያየት ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2017 ወባን የማጥፋቱን ሥራ በ239 ወረዳዎች ጀምራ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና ከ1,000 በላይ ሞት ተመዝግበዋል።

መጋለጥ በምን በምን ይመጣል?

ሀ. ለሥራ ወደ ቆላ መውረድ። ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚወርዱት ደገኞች ሥራቸው ከክረምቱ አጋማሽ እስከ ኅዳር የሚዘልቅ በመሆኑ፣ ዋናው የወባ መተላለፊያ ወቅት ከሆነው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ካለው ጊዜ ጋር ይገጥማል።

ለ. ከቤት ውጭ ማደር። ሰብል ጠባቂ፣ እረኛ፣ በአውድማ ላይ የሚያድር ገበሬና የቀን ሠራተኛ ቤታቸው ቢረጭም፣ አጎበር ቢታደላቸውም፣ ሌሊቱን በሜዳ ካሳለፉ ከሁለቱም አይጠቀሙም።

ሐ. ከውሃ አጠገብ መኖር። በኢትዮጵያ ዋናዋ አስተላላፊ የሆነችው አኖፌለስ አራቢየንሲስ ፀሐይ በሚያገኘው አነስተኛ ውሃ፣ በከብት ኮቴ ጉድጓድ፣ ለጡብ ሥራ አፈር በተቆፈረበት ቦታና በመስኖ ቦይ ዳር ትራባለች። በቆቃ ግድብ ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች ለሐይቁ የቀረቡት መንደሮች ከራቁት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ አሳይተዋል።

መ. በቤት ውስጥ ውሃ ማጠራቀም። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር መኖሯ የታወቀው አኖፌለስ ስቴፈንሲ በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ገንዳ ውስጥ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ በበጋ ወራት የተነሣው ወረርሽኝ ከዚህች ትንኝ ጋር የተያያዘ መሆኑ በጥናት ታውቋል። ውሃ እየጠፋ ሕዝቡ በየቤቱ በሚያጠራቅምበት በድርቅ በተጎዳ ከተማ ይህ ምክንያት ሊዘነጋ አይገባም።

ሕመምተኛውን ብቻ መጠየቅ ለምን አይበቃም?

በመስክ ሥራ ላይ ዘወትር የሚታየው ልማድ ሕመምተኞችን ጠይቆ ድምዳሜ ላይ መድረስ ነው። አሠራሩ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል በሚከተለው ምሳሌ ማየት ይቻላል።

በአንድ የወይና ደጋ ቀበሌ 20 ሰዎች በወባ ታመሙ እንበል። ሲጠየቁ 16ቱ ባለፈው ወር ቆላ ወርደው እንደነበር ተናገሩ። «እንግዲያው ጥፋቱ የቆላው ጉዞ ነው» ተብሎ ቢደመደም እውነት ይመስላል። ነገር ግን በዕድሜና በጾታ የሚመሳሰሏቸው 40 ጤነኛ ጎረቤቶች ያው ጥያቄ ቀረበላቸው፤ ከእነሱም 30ዎቹ ቆላ ወርደው ነበር። ከሕሙማኑ 80 በመቶ፣ ከጤነኞቹ 75 በመቶ ተጉዘዋል ማለት ነው። ይህን ያህል ትንሽ ልዩነት ሕሙማኑን ከጤነኞቹ የለየው ነገር ጉዞው ነው አያሰኝም።

ቀጥሎ ከቤት ውጭ ያለ አጎበር አድረው እንደሆነ ሁሉም ተጠየቁ። ከሕሙማኑ 14ቱ፣ ከጤነኞቹ 8ቱ «አዎን» አሉ። ከሕሙማኑ በውጭ ያደሩት 14፣ ያላደሩት 6 ናቸው፤ ከጤነኞቹ ደግሞ ያደሩት 8፣ ያላደሩት 32 ናቸው። 14 ለ6 እና 8 ለ32 የሆኑት ሁለቱ ንጽጽሮች ሲተያዩ የመጀመሪያው ከሁለተኛው ዘጠኝ እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ቀበሌ ሕሙማኑን ከጤነኞቹ የለያቸው በሜዳ ማደራቸው እንደሆነ ይህ ያመለክታል። በመጀመሪያው ድምዳሜ ብቻ ተመርቶ ሰዎች እንዳይጓዙ ለመከልከል የተነሣ ኃላፊ የቤተሰቡን እንጀራ ከመቁረጥ በቀር በሽታውን አያቆምም ነበር።

የአጠያየቁ ሥርዓት

1. ሕመሙ በደም ምርመራ ይረጋገጥ። ጤነኛ የተባሉትም ይመርመሩ፤ ተሐዋሲው በደማቸው እያለ ትኩሳት የማይሰማቸው ሰዎች አሉና።

2. ለሁለቱም ወገን ጥያቄው፣ የአጠያየቁ ቃልና የሚሸፍነው ጊዜ አንድ ይሁን። የፋልሲፓረም ወባ ብዙውን ጊዜ ከንክሻው በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ዘግይቶ ስለሚገለጥ፣ ያለፉትን አራት ሳምንታት መጠየቅ ይገባል።

3. የቫይቫክስ ወባ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ስለዚህ ቫይቫክስ የተገኘበት ሰው ስለ ቀድሞ ሕመሙና ቀደም ሲል ስለኖረበት ቦታም ይጠየቅ፤ ያገረሸ ሕመም አሁን ከሚኖርበት መንደር የተያዘ አዲስ ሕመም ተደርጎ እንዳይመዘገብ ጥንቃቄ ይደረግ።

4. «አጎበር አለህ ወይ?» ከማለት ይልቅ «ትናንት ማታ የት አደርክ? በምን ሥር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በቤት ያለ አጎበር ሁሉ ሰው የሚያድርበት አይደለምና።

5. ጠያቂው ራሽን የሚመዘግበው ሠራተኛ አይሁን። ከጣቢያው ወጥቶ ለቀን ሥራ የሄደ ሠፋሪ ቀለቡ እንዳይቋረጥበት ፈርቶ ጉዞውን ይደብቃል፤ ድንበር ተሻግሮ የሠራውም እንዲሁ። መልሱ የሰውን መብት እንደማይነካ አስቀድሞ ተነግሮት ቃሉም ካልተጠበቀለት፣ መዝገቡ በሐሰት ይሞላል።

ከግኝት ወደ ተግባር

የተገኘው ውጤት በመዝገብ ተዘግቶ እንዳይቀር ጊዜ ሊወሰንለት ይገባል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ከወባ ነፃ መሆኗ እስኪረጋገጥላት ድረስ የተከተለችው ደንብ ለዚህ አብነት ይሆናል፤ ሕመምተኛው በ1 ቀን ውስጥ ሪፖርት ይደረጋል፣ በ3 ቀን ውስጥ ሕመሙ ከየት እንደመጣ ይጣራል፣ በ7 ቀን ውስጥ በቦታው እርምጃ ይወሰዳል።

እርምጃውም እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ችግሩ በሜዳ ማደር ከሆነ በማሳ ዳስ ውስጥ ሊሰቀል የሚችል አጎበር ከአጨዳው በፊት ማደል ይጠቅማል። ወቅታዊ ሠራተኞች ከቆላ ሲመለሱ ከታመሙ፣ በመናኸሪያና በመመለሻ መንገድ ላይ ምርመራና ሕክምና እንዲያገኙ ማድረግ ያስፈልጋል። የቤት የውሃ ማጠራቀሚያ መራቢያ ሆኖ ከተገኘ መክደንና በየሳምንቱ አጥቦ መድፋት፤ መድፋት የማይቻለውን ደግሞ በትንኝ እጭ ማጥፊያ ማከም ይቻላል። አዲስ የሠፈራ መንደር የሚመሠርት ክፍልም ሰዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ውሃው የት እንደሚያቁር፣ ሠፋሪዎቹ ከየትኛው የአየር ጠባይ እንደሚመጡ፣ ሥራቸውም ሌሊት የት እንደሚያሳድራቸው መዝግቦ መያዝ ይኖርበታል።

ወባ በበዛበት ጊዜ አንድ ሕመምተኛ ከብዙዎች አንዱ ነበር። በተመናመነበት ጊዜ ግን እያንዳንዱ ሕመምተኛ በሽታው በየት በኩል እንደሚመለስ የሚያመለክት ምስክር ነው። ምስክርነቱ የሚታመነው ግን ካልታመመው ጎረቤቱ ቃል ጋር ሲመሳከር ብቻ ነው።

ለውይይት

1. በአካባቢያችሁ ባለፉት ሦስት ወራት በወባ የታመሙት ሰዎች ሌሊቱን የት አሳለፉ? ጤነኞቹ ጎረቤቶቻቸውስ?

2. በጣቢያችሁ ሠፋሪው ጉዞውን ሳይፈራ እንዲናገር የሚያደርግ አሠራር አለ?

3. ድርቁ በአካባቢያችሁ የውሃ አጠቃቀምን እንዴት ለወጠ? ለውጡ ለትንኝ መራቢያ የፈጠረው አዲስ ቦታ የትኛው ነው?