ለሚጠይቀን ሰው እንዴት እንመልስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ከዐቢይ ጾም ሳምንታት ሰባተኛው በአንድ ጠያቂ ሰው ስም ይጠራል። ኒቆዲሞስ ይባላል። ይህ ሰው የአይሁድ አለቃና መምህር ሲሆን በሌሊት ወደ ጌታ መጥቶ፣ የሸመገለ ሰው ዳግመኛ እንዴት ሊወለድ እንደሚችል ጠየቀ (ዮሐ. 3)። ጥያቄው ላይ ላዩን ለሚሰማው የሕፃን ጥያቄ ይመስላል። ጌታ ግን መምህር ሆኖ ሳለ ይህን አለማወቁን ነገረው እንጂ አላባረረውም፤ ከውኃና ከመንፈስ መወለድን አስተማረው። ያ በጨለማ የመጣ ሰው በኋላ በአለቆች ፊት ስለ ጌታ ተናገረ (ዮሐ. 7)፤ በዕለተ ዓርብም ከዮሴፍ ጋር ቅዱስ ሥጋውን ገንዞ ቀበረ (ዮሐ. 19)። ታዲያ ያን ሌሊት «ይህን ደግሞ ትጠይቃለህ?» ተብሎ አፍሮ ቢመለስ ኖሮ የት ይደርስ ነበር? ቤተ ክርስቲያን በጾም መካከል አንድ ጠያቂ ታስበን ዘንድ ያደረገችው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥያቄ በከተማችን

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከየአገሩ በመጣ ሕዝብ ያደገች ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከድሬዳዋ አስተዳደር ነዋሪዎች ከ100ው 70 ያህሉ ሙስሊም፣ 25 ያህሉ ኦርቶዶክሳዊ ነበሩ፤ የቀሩት አብዛኞቹ ፕሮቴስታንት ናቸው። በከዚራም ሆነ በመጋላ፣ በሳቢያንም ሆነ በገንደ ቆሬ ግድግዳ የሚጋራን ጎረቤት፣ በቀፊራ ገበያ የምንገዛው ነጋዴ፣ በሥራ ቦታ አብሮን የሚውለው ሰው ብዙ ጊዜ የሌላ እምነት ሰው ነው። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገብተው ጎረቤት ከጎረቤት አብሮ ጾሟል። እንዲህ ሲሆን ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። «አቦ፣ እናንተ ስትጾሙ ውኃ ትጠጣላችሁ እንዴ?» «አንድ አምላክ ትላላችሁ፤ ሥላሴ ደግሞ ምንድን ነው?» «ለሥዕል ለምን ትሰግዳላችሁ?»

የድሬ ሰው «አንቱ» ማለት አይወድም፤ ሽማግሌውንም ወጣቱንም «አንተ» ብሎ ያወራል። ስለዚህ ጥያቄው ፊት ለፊት ሲመጣ ንቀት የሚመስለው ሰው ይኖራል። አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የቅርበት ምልክት ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጥ ሰው ሲወስድ ሙስሊም ክርስቲያን ብሎ አልለየም፤ ኀዘኑም የሁሉም ነበር። አብሮ ያለቀሰ ሰው ስለ እምነታችን ቢጠይቀን እንደ ጠላት ልናየው አይገባም።

ጠያቂውን እንወቅ

ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን ሁሉ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀን እንድንሆን፣ ግን በየዋህነትና በፍርሃት እንድናደርገው ያዘናል (1ኛ ጴጥ. 3፥15)። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን እንረሳለን። ደግሞም ሁሉም ጠያቂ አንድ ዓይነት አይደለም።

አንዱ ለማወቅ ይጠይቃል፤ እንደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የሚያነበውን የሚተረጉምለት ይፈልጋል (ሐዋ. 8)። ለዚህ ሰው ፊልጶስ እንዳደረገው ከሠረገላው ላይ ወጥቶ አብሮ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ቆስሎ ይጠይቃል። ልጇ የሞተባት እናት «እግዚአብሔር የት ነበር?» ስትል የነገረ መለኮት ትምህርት አትፈልግም። መጀመሪያ አብረናት እንቀመጥ፤ ትምህርቱ ይቆይ።

ሦስተኛው ለማጥመድ ይጠይቃል። ስለ ቄሣር ግብር ጌታን የጠየቁት እንዲህ ነበሩ (ሉቃ. 20)። ጌታ አጭር መልስ ሰጣቸው እንጂ ቀኑን ሙሉ አልተከራከራቸውም። ቅዱስ ጳውሎስም ጠብ ከሚወልድ ከንቱ ክርክር እንድንርቅ ጢሞቴዎስን መክሮታል (2ኛ ጢሞ. 2)። «ሌላ ጊዜ እንነጋገር፤ አሁን ሁለታችንም ተቆጥተናል» ብሎ መነሣት ሽንፈት አይደለም።

በሰንበት ትምህርት ቤት

በየአጥቢያው የጥያቄና መልስ መርሐ ግብር ይደረጋል። ወጣቶች ጥያቄያቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ያስገባሉ፤ አንድ አስተባባሪ ያነባል፤ መምህሩ ይመልሳል። ይህ አስተባባሪ ቀላል አገልግሎት ያለው እንዳይመስለው። የአንድ ወጣት ነፍስ በዚያች ወረቀት ላይ ልትሆን ትችላለች።

ስለዚህ ወረቀቱን አስቀድሞ ያንብብ። ተመሳሳዩን በአንድ ያድርግ። የሰው ስም የሚያነሣውን፣ ኃጢአትን የሚናዘዘውን በአደባባይ አያንብብ፤ ያ የንስሐ አባት ድርሻ ነው። የሌላውን ሃይማኖት የሚሰድብ ቃል ካለበት ስድቡን ትቶ ጥያቄውን ይያዝ። ከባዱን ጥያቄ ግን አይደብቅ፤ አለዝቦም አያጣመው። «እኔ ስጸልይ ማንም የሚሰማኝ አይመስለኝም» ብሎ የጻፈ ልጅ ወረቀቱ ሳይነበብ ሦስት ሳምንት ካለፈ በአራተኛው አይመጣም። ከዚያ በኋላ «ልጁን ማን ወሰደብን?» ብንል ምን ይጠቅማል? የወሰደው ሰው ምናልባት ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁጭ ብሎ ሰምቶታል።

መምህሩም የማያውቀውን «አላውቀውም፤ ሊቃውንቱን ጠይቄ እመለሳለሁ» ይበል፤ ደግሞም ይመለስ። ሳይሰሙ መመለስ ስንፍና መሆኑን ጠቢቡ ነግሮናል (ምሳ. 18፥13)።

ምን ብለን እንመልስ?

ለመመለስ መማር ይቀድማል። አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ማለትም ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቁርባንና ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን የተዘጋጁት ለዚህ ነው። ስለ ሥላሴ ለሚጠይቀን ሦስት አማልክት እንደማናመልክ አስቀድመን እንንገረው። ሊቃውንቱ እንደሚያስተምሩት ፀሐይ ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት አላት፤ ፀሐይ ግን አንዲት ናት። ምሳሌ ዘለዓለም ከአማናዊው ያንሳል፤ ቢሆንም መንገድ ያሳያል። ስለ ሥዕልና ስለ ቅዱሳን ለሚጠይቀን የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ፣ ለቅዱሳን የሚቀርበው ደግሞ የጸጋ፣ የአክብሮት ስግደት መሆኑን እንለይለት።

ስለ ራሳችን እምነት እንመስክር፤ ስለ ሌላው እምነት ግን በጆሮ ጠገብ ወሬ አንናገር። የእኛን ጾም ሌላው እያዛባ ሲያወራው እንደምናዝን ሁሉ፣ እሱም ያዝናል። «እናንተ ዘንድ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ማንንም አያሳንስም።

ለዚህ አባ እንባቆም ምስክር ናቸው። የመን የተወለዱ ሙስሊም ነበሩ። ኢትዮጵያ መጥተው ከደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ጴጥሮስ ጋር ከተነጋገሩ በኋላ ተጠመቁ፤ ኋላም ራሳቸው እጨጌ ሆኑ። በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ በ1532 ዓ.ም. ገደማ «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መጽሐፍ ለኢማሙ ጻፉ። መነሻው እዚሁ ጎረቤታችን ሐረር ለነበረው ጦር የተሰጠ መልስ ነበር ማለት ነው። መጽሐፉ የክርክር መጽሐፍ ነው፤ ይሁን እንጂ አባታችን ቁርኣንን የጠቀሱት አንብበው እንጂ ሰምተው አልነበረም። በዚያ የእሳት ዘመን ብዕር አነሡ። ደግሞም ከመመለሳቸው በፊት ጠያቂ ነበሩ፤ የመለሰላቸው ባይኖር ኖሮ ያን መጽሐፍ የሚጽፍ አናገኝም ነበር።

አንደበትም ይጹም

ውድ ምእመናን! ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው ጾም የሆድ ብቻ እንዳልሆነ፣ ዓይንም አንደበትም ሊጾሙ እንደሚገባ ያስተምረናል። ሥጋና ወተት ትተን የጎረቤታችንን ስም በስድብ ብንበላ ምን ጾምን? ክርክር አሸንፈን ወዳጅ ብናጣስ ለማን ተረፈ?

እንግዲህ በዚህ ጾም ሦስት ነገር እናድርግ። በየሳምንቱ አንዱን ምሥጢር እንማር። ለጠየቀን ሰው ከመመለሳችን በፊት ጥያቄውን እስከ መጨረሻው እንስማ። በቤታችን ጠይቆ ዝም የተባለ ልጅ ካለ ደግሞ ዛሬ ማታ ጠርተን «ያን ጊዜ የጠየቅኸኝ ምን ነበር?» እንበለው። መልሱን ባናውቀው አብረነው ወደ አባቶች እንሂድ።

ኒቆዲሞስን በሌሊት የተቀበለ አምላክ እኛንም ጠያቂን የምንቀበል ያድርገን፤ በሰላም ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሰን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር