የቆየ የጓሮ ትራክተር ሎደር እድሳት፦ ከቀለምና ከግፊት የሚቀድም ምርመራ

አጽሕሮተ ጽሑፍ

በትንንሽ የጓሮ ትራክተሮች ላይ የተገጠሙ የቆዩ ሎደሮች ሲታደሱ የሥራው ውጤት ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በመልክና በማንሳት ኃይል ነው። ይህ ጽሑፍ መመዘኛው ሌላ ሊሆን እንደሚገባ ያስረዳል፤ ይኸውም የትራክተሩ የፊት አክስል የሚሸከመውና በኋላ ጎማዎች ላይ የሚቀረው ክብደት ነው። መከራከሪያው በቀላል የስታቲክስ ስሌት የተደገፈ ሲሆን፣ የሃይድሮሊክና የብረት ምርመራው በምን ቅደም ተከተል መካሄድ እንዳለበትም ያመለክታል።

መግቢያ

የጓሮ ትራክተር በአሜሪካ የተስፋፋው በ1960ዎቹ ዓመታት ነው። ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር ከብ ካዴት የተባለውን ትራክተር እ.ኤ.አ. በ1961፣ ጆን ዲር ደግሞ 110 የተሰኘውን ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1963 ለገበያ አቀረቡ። የሁለቱም የመጀመሪያ ሞዴሎች ሞተር 7 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበረው። ዋና ተግባራቸውም ሣር ማጨድ፣ በረዶ መጥረግና አነስተኛ መሬት ማረስ ነበር። ሎደሩ ቆይቶ የተጨመረ ተቀጥላ ነው፤ አንዳንዱን የትራክተሩ አምራች ራሱ፣ ሌላውን ደግሞ ልዩ ልዩ አምራቾች ሠርተውታል።

ይህ ታሪክ ለእድሳቱ ሥራ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። የፊት አክስሉ የተነደፈው ከሞተሩ ክብደት ብዙም የማይበልጥ ሸክም እንዲችል ሲሆን፣ ሎደሩ ግን ጭነቱን በሙሉ ከዚሁ አክስል ፊት ለፊት ያንጠለጥላል። ስለዚህ የታደሰ ሎደር ጥንካሬ ከተሸካሚው ትራክተር ጥንካሬ ተለይቶ ሊታይ አይችልም።

የክብደት ስሌት

ለማሳያ ያህል በፊትና በኋላ አክስሎቹ መካከል 1.2 ሜትር ርቀት ያለው ትራክተር ይወሰድ። የባኬቱ የክብደት ማዕከል ከፊት አክስሉ 0.9 ሜትር ወደ ፊት ይርቃል። ትራክተሩ፣ ነጂውና የሎደሩ ቋሚ ፍሬም አንድ ላይ ሲመዘኑ በኋላ ጎማዎች ላይ የሚያርፈው 300 ኪሎ ግራም ነው እንበል።

በባኬቱ በኩል፣ የክንዶቹና የባኬቱ ድርሻ ተጨምሮ፣ 200 ኪሎ ግራም ሲነሳ የፊት አክስሉ እንደ ሚዛን መደገፊያ ይሆናል። የኋላ ጎማዎች 200 በ0.9 ተባዝቶ ለ1.2 ሲካፈል የሚገኘውን፣ ማለትም 150 ኪሎ ግራም ያጣሉ። ያ የጠፋ ክብደት ከጭነቱ ጋር ተደምሮ ወደ ፊት አክስሉ ስለሚሄድ አክስሉ 200 ሳይሆን 350 ኪሎ ግራም ይጨመርበታል።

አሁን የሃይድሮሊኩ ኃይል ይታይ። የውስጥ ዲያሜትራቸው 50 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት የማንሻ ሲሊንደሮች በ70 ባር ግፊት 27.5 ኪሎ ኒውተን ያህል ይገፋሉ። ሲሊንደሮቹ ከክንዱ መዞሪያ ፒን በ0.18 ሜትር፣ ባኬቱ ደግሞ በ1.5 ሜትር ርቀት ላይ ቢሠሩ፣ በባኬቱ በኩል የሚገኘው የማንሳት አቅም 336 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ ጭነት ከኋላ ጎማዎች ላይ 252 ኪሎ ግራም ስለሚቀንስ የሚቀረው 48 ብቻ ነው። ግፊቱ ወደ 105 ባር ከፍ ቢል አቅሙ 504 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ነገር ግን ያን ያህል ከመነሳቱ በፊት የኋላ ጎማዎች መሬት ይለቃሉ።

የዚህ መዘዝ ከባድ ነው። በአብዛኞቹ የጓሮ ትራክተሮች ፍሬን የሚይዘው በኋላ ጎማዎች በኩል ብቻ ነው። የፊት አክስሉም በመሃሉ ባለ አንድ ፒን ላይ ስለሚወዛወዝ ወደ ጎን የሚያጋድልን ትራክተር አይደግፍም። የኋላ ጎማዎቹ የቀለሉበት ትራክተር በአንድ ጊዜ ፍሬንም የጎን ሚዛንም ያጣል፤ ባኬቱ ከፍ ባለበትና መሬቱ ባዘነበለበት ቦታ ደግሞ ሊገለበጥ ይችላል። ስለሆነም የፓምፑን ግፊት በመጨመር የሚገኝ ብርታት የእድሳት ስኬት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

የማመዛዘኛ ክብደቱ ቦታ

ከኋላ ክብደት መጨመር እንደሚያስፈልግ የታወቀ ነው፤ የት እንደሚጨመር ግን ብዙ ጊዜ ልብ አይባልም። ከላይ የጠፋውን 150 ኪሎ ግራም በኋላ ጎማዎች ውስጥ ፈሳሽ በመሙላት ወይም በጎማዎቹ ላይ ብረት በማሰር መመለስ ይቻላል። በዚህ ዘዴ 150 ኪሎ ግራም መጨመር የግድ ሲሆን፣ የፊት አክስሉ ሸክም ግን ምንም አይቀንስም።

ክብደቱ ከኋላ አክስሉ 0.6 ሜትር ወደ ኋላ ሲንጠለጠል ውጤቱ ይለያል። 100 ኪሎ ግራም ብቻ በኋላ ጎማዎች ላይ 150 ኪሎ ግራም ያሳርፋል፤ ከፊት አክስሉ ላይም 50 ኪሎ ግራም ያነሳል። በፊት አክስሉ ላይ የተጨመረው ሸክም ከ350 ወደ 300 ኪሎ ግራም ይወርዳል ማለት ነው። የፊት አክስሉ ደካማ ክፍል በሆነበት ትራክተር ይህ ልዩነት ለአክስሉና ለጎማ መሸከሚያ ኩሽኔታዎች ዕድሜ ወሳኝ ነው።

የሃይድሮሊክ ምርመራ

በቆዩ ሎደሮች ላይ በብዛት የሚታየው ችግር የተነሳ ባኬት ቀስ በቀስ መውረዱ ነው። የተለመደው እርምጃ የሲሊንደሩን የፒስተን ጎሚኒ መቀየር ነው፤ ይህ ግን ሁልጊዜ መንስኤውን አያገኝም። የሲሊንደሩ ሁለት በሮች በደንብ ከተዘጉ የፒስተኑ ጎሚኒ ቢያሳልፍ እንኳ ዘንጉ ወደ ውስጥ ሊገባ የሚችለው የራሱን ያህል ዘይት መውጫ ሲያገኝ ነው። መውጫ ከሌለ የታፈነው ዘይት ጭነቱን ይይዛል። ስለዚህ ዘይት ወደ ውጭ ሳይፈስ ባኬቱ የሚወርድ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመቆጣጠሪያ ቫልቩ ነው።

ይህ ሲባል የፒስተኑ ጎሚኒ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ጎሚኒው ሲያሳልፍ ጭነቱን የሚይዘው የፒስተኑ ስፋት መሆኑ ቀርቶ የዘንጉ ስፋት ይሆናል። 50 ሚሊ ሜትር ፒስተንና 25 ሚሊ ሜትር ዘንግ ባለው ሲሊንደር የስፋቱ ልዩነት አራት እጥፍ ነው። በ30 ባር ይያዝ የነበረ ጭነት 120 ባር ይጠይቃል ማለት ነው። ቫልቩ መሃል ላይ ሲሆን የፓምፑ ግፊት ማስተንፈሻ ይህን በሲሊንደሩ ውስጥ የታፈነ ግፊት አያየውም፤ ጫናው በአሮጌዎቹ ቱቦዎች ላይ ያርፋል።

ሁለቱን ችግሮች ለመለየት የሚረዳ ሙከራ አለ። ባኬቱ ባዶውን መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ሞተሩ ጠፍቶና ማንሻዎቹ ተንቀሳቅሰው ግፊቱ ከወጣ በኋላ አንዱ የማንሻ ሲሊንደር ከክንዱ ይፈታል። ዘንጉ እስከ መጨረሻው ሲወጣ ሞተሩ ዳግም ይጠፋል፤ በዘንጉ በኩል ያለው ቱቦ ተፈትቶ የሲሊንደሩ በር ወደ ዕቃ እንዲያፈስ ይደረጋል፤ የተፈታው ቱቦም በብረት ክዳን ይዘጋል። ሌላኛው ሲሊንደር ከመስመሩ ተለይቶ ቱቦዎቹ ከተዘጉ በኋላ፣ በዝቅተኛ ሞተር ፍጥነት በፒስተኑ በኩል ግፊት ሲሰጥ ከክፍቱ በር የማያቋርጥ ዘይት ከወጣ ጎሚኒው አልቋል። ካልወጣ ምርመራው ወደ ቫልቩ ይዞራል።

በማንኛውም ሙከራ ማንም ሰው በተነሳ ክንድ ሥር መግባት የለበትም፤ ክንዱ በብረት ድጋፍ መያዝ አለበት እንጂ በዘይት ብቻ አይታመንም። የዘይት ማፍሰሻ ቀዳዳም በእጅ ዳሰሳ አይፈለግም፤ ወፍራም ካርቶን ወይም እንጨት ያስፈልጋል። ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳን በስቶ ሊገባ ይችላል። ቁስሉ ከላይ ሲታይ ትንሽ ቢመስልም በአስቸኳይ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሊያየው ይገባል።

የብረቱ ሁኔታ

ግሪስ ሳያገኙ የቆዩ ፒኖች ይሳሳሉ፤ ቀዳዳዎቻቸውም ሞላላ ይሆናሉ። አዲስ ፒን በሞላላ ቀዳዳ ውስጥ መክተት ጭነቱን በአንድ ጠርዝ ላይ ስለሚያሳርፍ ችግሩን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍናል እንጂ አያስወግደውም። ቀዳዳዎቹ በአንድ መስመር ተቦርቡረው ቦኮላ ሊገባላቸው ይገባል። ግራና ቀኙ ለየብቻ ቢቦረቦሩ ክንዶቹ ይጣመማሉ።

ስንጥቅ በብዛት የሚገኘው ሲሊንደሩ ከክንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታና በብየዳ ጠርዞች ላይ ነው። የቆየው ቀለም የሚነሳው በመጀመሪያ ለዚህ ምርመራ ሲባል ነው። ስንጥቁ ሳይወገድ ከላዩ ቢበየድ ከሥር ይቀጥላል፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ተሞርዶ ከተከፈተ በኋላ ይበየዳል። በብየዳው ወቅት የሲሊንደሩ የተወለወለ ዘንግ ከፍንጣሪ መሸፈን አለበት፤ በዘንጉ ላይ የሚቀር ጠባሳ አዲሱን ጎሚኒ ወዲያው ይበላዋልና።

የሎደሩ ፍሬም እስከ ኋላ አክስሉ የሚዘልቅ ድጋፍ ያለው መሆኑም መረጋገጥ አለበት። ይህ ድጋፍ በቀድሞ ባለቤቶች ተቆርጦ ወይም ብሎኖቹ ጠፍተው ከሆነ የመጠምዘዝ ኃይሉ በሙሉ በትራክተሩ ሻንሲ መሃል ላይ ይወድቃል።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ትንታኔ የእድሳቱን ቅደም ተከተል ይወስናል። መጀመሪያ ትራክተሩ ከፊትና ከኋላ ተመዝኖ የፊት አክስሉ የሚችለው ሸክም ይታወቃል፤ ከዚያ ብረቱ ይመረመራል፤ ቀጥሎ የሃይድሮሊኩ ጉድለት በሙከራ ይለያል። የግፊት ማስተንፈሻው በመለኪያ የሚስተካከለው በመጨረሻ ነው። በምሳሌው ትራክተር ጭነቱ ከነክንዱ ከ200 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ከተፈለገ 42 ባር ያህል ይበቃል። ሆኖም የሲሊንደሩ የመግፊያ ርቀት ክንዱ ከፍና ዝቅ ሲል ስለሚለዋወጥ ስሌቱ ቢያንስ ለሦስት ከፍታዎች መሠራት አለበት።

የተገኘው የጭነት ልክና የሚያስፈልገው የኋላ ክብደት በብረት ሰሌዳ ተቀርጾ በሎደሩ ላይ ሊለጠፍ ይገባል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ስሌቱን የሠራው ሰው በሌለበት የሚነዳው ሰው ሊያውቅ የሚችለው ሰሌዳው የሚነግረውን ብቻ ነው።