የቡድሃ ምስል በፓታን

በኔፓል አገር በፓታን ከተማ የሚኖሩ የነዋር ሕዝብ አንጥረኞች የቡድሃን ምስል በእጃቸው ይሠራሉ። ሠሪው አስቀድሞ ምስሉን በሰም ያበጃል፤ በላዩም እበትና የሩዝ ገለባ የተቀላቀለበት ጭቃ ይመርግበታል። ጭቃው ከደረቀ በኋላ በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራም የቀለጠ መዳብ ይፈስበታል። ምስሉን ለማውጣት ጭቃው መሰበር አለበትና አንዱ ቅርጽ ሁለት ጊዜ አያገለግልም። በአገራችንም ብዙ የነሐስ መስቀል የተሠራው በዚሁ ዘዴ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

ወርቁ የሚቀባው ከባዜቃ ጋራ ተለውሶ ነው። ባዜቃው በእሳት ሲተን ጢሱ መርዝ ነውና የአንጥረኛውን ጤና ይጐዳል፤ ምስሉን የሚገዛው ሰው ግን የሚያየው ማማሩን ብቻ ነው።

ምስሉ በገበያ ሳለ መዳብ ነው። በውስጡ ጸሎት የተጻፈበት ወረቀት ገብቶ ከታች ከተደፈነና ካህኑ ከባረከው በኋላ ግን በቤት ውስጥ በክብር ይቀመጣል፤ ቤተ ሰቡም ጧት ጧት ውሃ፣ አበባና ሩዝ ያቀርብለታል። ብዙ ጊዜ ቀኝ እጁ ምድርን ይነካል፤ ይኸውም ቡድሃ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ ማራ የተባለው ፈታኝ በመጣበት ጊዜ ምድርን ምስክር አድርጎ መጥራቱን ያመለክታል። የቤቱ ሰው በየጧቱ የሚያስበው ይህን ጽናት ነው።