ስለ ትንሿ ቮልስዋገን ረዥም ዕድሜ

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ከባለቤቶቻቸው ልጆች በዕድሜ የሚበልጡ ቮልስዋገኖች ዛሬም ሲያልፉ እናያለን። ብዙ ሰው «የጀርመን ብረት ነውና አይበላሽም» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ይህ አባባል ግን ትክክል አይደለም። እንዲያውም ብዙ ቮልስዋገኖችን የገደለው ይኸው «አይበላሽም» የሚለው እምነት ይመስለኛል። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ሞተር ምን አገባው የሚል ጓደኛ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ፤ መልሱን ዓባይ በረሃ ላይ ያገኘዋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መኪናይቱን በ1930ዎቹ የነደፋት ፈርዲናንድ ፖርሼ ነው። በብዛት የተሠራችው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሆን፥ በ1972 ቁጥሯ ከ15 ሚሊዮን አልፎ የፎርድን ሞዴል ቲ በለጠች። የመጨረሻይቱ በ2003 ሜክሲኮ አገር ፑየብላ ከተማ ተሠርታ ስትወጣ ጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን መሠረታዊው አሠራር አልተለወጠም።

ሞተሩ ከኋላ ነው፤ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል። ራዲያተር የለም፥ ውሃም የለም። ነገር ግን ውሃ ይሠራው የነበረው ሥራ አልቀረም፤ ለአየርና ለዘይት ተከፋፈለ እንጂ። አየሩን የሚነፋውን ማራገቢያ የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ሲሆን፥ ያው ቺንጋ ዲናሞውንም ያዞራል። ስለዚህ ቺንጋው ሲበጠስ ከመሪው ፊት ቀይ መብራት ይበራል። በሌላ መኪና ይህ መብራት ሲበራ ባትሪው እስኪያልቅ ጥቂት መንገድ መሄድ ይቻል ይሆናል። በቮልስዋገን ግን ሞተሩ ማቀዝቀዣውን አጥቷል ማለት ነውና ወዲያው መቆም ያስፈልጋል።

አጎቴ ይህን የተማረው ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን ዳገቱን ሲወጣ ነው። መብራቱ በራ። «ባትሪ ነው፤ ላይ ስንደርስ እናየዋለን» አለ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበርሁ። ላይ አልደረስንም። በአንድ ቺንጋ ያልቅ የነበረው ነገር ሙሉ የሞተር ሥራ ሆነ፤ የዚያ ዓመት የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያም በብድር ተከፈለ። ዛሬ ትርፍ ቺንጋና መፍቻ ከመኪናው አይጠፋም።

ዘይቱም እንዲሁ ነው። ሞተሩ የሚይዘው ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ሲሆን፥ ማጥለያውም ወንፊት እንጂ የወረቀት ፊልትሮ አይደለም። እንግዲህ ያ ጥቂት ዘይት ማለስለስም ማቀዝቀዝም አለበትና በየ5000 ኪሎ ሜትር፥ በአቧራ አገር ደግሞ ከዚያ ቀድሞ መቀየር ይገባዋል።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ የቫልቩ ነገር ነው። በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይቱ ማቀዝቀዣ በአየሩ መንገድ ላይ ስለ ተተከለ፥ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚደርሰው አየር አስቀድሞ የሞቀ ነው። በዚህም የተነሣ የዚያ ሲሊንደር የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ከሌሎቹ ቀድሞ ይጎዳል። የቫልቩ ክፍተት እየጠበበ ሲሄድ ቫልቩ መቀመጫው ላይ በደንብ አያርፍም፤ ካላረፈ ሙቀቱን አያስተላልፍም፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። ክፍተቱ የሰፋ ቫልቭ ይንኳኳል፥ የጠበበው ግን ዝም ይላል። ባለቤቱም ዝምታውን ሰምቶ «ሞተሬ ደኅና ነው» ይላል! ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ክፍተቱን መለካት ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው፤ ማንም ተማሪ ሊለምደው ይችላል።

ስለ ቤንዚን እውነቱን እንናገር። ባለ 1200ዋ እንደ አነዳዱና እንደ መንገዱ በ100 ኪሎ ሜትር ከ7 እስከ 9 ሊትር ትወስዳለች። በዘመኗ ቆጣቢ ነበረች፤ የዛሬዎቹ ትንንሽ መኪናዎች ግን ይበልጧታል። በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ስለሚሳሳ፥ ካርቡራተሩ ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ሳይቃጠል በጭስ ይወጣል። በ2024 በቤንዚን የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህን የመሰለው እንክብካቤ የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል።

አጎቴ ልሽጣት ወይስ ላቆያት ሲል ጠየቀኝ። የእርሱ መኪና የፍሬን ዘይት የሚሄደው በአንድ መስመር ብቻ ነው፤ ያ መስመር ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ስለዚህ ለከተማ ትቆይ፥ ዓባይን ግን በአውቶቡስ እንሻገር አልሁት። የመጀመሪያውን ተቀብሏል፤ በሁለተኛው እስካሁን እንከራከራለን።