የጆርጅና የሌኒ ህልም

በዛሬው የሥነ ጽሑፍ አምዳችን ህልምና ተስፋ ለሰው ምን እንደሚጠቅሙ ከአንድ ታዋቂ ልብ ወለድ እንማራለን። ህልም ስንል ተኝተን የምናየውን ሳይሆን ወደፊት እንዲሆንልን የምንመኘውን ነው።

መጽሐፉ «ኦፍ ማይስ ኤንድ ሜን» ይባላል፤ «ስለ አይጦችና ሰዎች» እንደ ማለት ነው። ደራሲው አሜሪካዊው ጆን ስታይንቤክ ሲሆን የታተመው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ጊዜው አሜሪካ ውስጥ ሥራ ጠፍቶ ብዙ ሰው የተቸገረበት ነበር።

ጆርጅና ሌኒ በካሊፎርኒያ ከእርሻ ወደ እርሻ እየዞሩ የሚሠሩ ጓደኛሞች ናቸው። ሌኒ በጣም ጉልበተኛ ነው፤ አእምሮው ግን እንደ ሕፃን ልጅ ነው። ስለዚህ ጆርጅ ይጠብቀዋል። ህልማቸው ትንሽ መሬት ገዝተው በራሳቸው ቤት አብረው መኖር ነው። ሌኒማ ጥንቸሎቹን የምመግበው እኔ ነኝ ይላል!

መሬቱ 600 ዶላር ነው፤ እነሱ ግን ብር የላቸውም። አንድ ቀን ካንዲ የሚባል፣ በሥራ ላይ አንድ እጁን ያጣ ሽማግሌ ወሬያቸውን ሰማ። እሱም «አርጅቻለሁ፣ ያባርሩኛል» ብሎ ይፈራ ስለነበር 350 ዶላር ላዋጣና አብሬያችሁ ልኑር አላቸው። ጆርጅና ሌኒ የወር ደመወዛቸውን ሳይነኩ ቢያስቀምጡ ደግሞ 100 ዶላር ይሆናል። እስቲ እንደምረው፦ 350 + 100 = 450። የቀረው 150 ብቻ ነው! ያን ጊዜ ጆርጅ ራሱ ህልሙ እውነት ሊሆን እንደሚችል አመነ።

ክሩክስ የሚባለው ሠራተኛ ደግሞ ጥቁር በመሆኑ ከሌሎቹ ተለይቶ ብቻውን ነው የሚያድረው። መጀመሪያ በህልማቸው ሳቀ። ብሩ እንዳለ ሲሰማ ግን ያለ ክፍያ ልሥራላችሁ አለ።

መጨረሻው ያሳዝናል። ሌኒ ሳያስበው በጉልበቱ ሰው ገደለ። ካንዲም መሬቱን እኔና አንተ እንግዛው ወይ ብሎ ጆርጅን ጠየቀው። የካንዲ ብር አልጠፋም፣ መሬቱም አለ። ጆርጅ ግን ዝም አለ። ለምን? ህልሙ መሬቱ ብቻ አልነበረማ! ከሌኒ ጋር መኖር ነበር። ሌኒም በመጨረሻ ሞተ።

«ታዲያ ካልተሳካ ተስፋው ምን ጠቀማቸው?» የሚል ተማሪ ይኖራል። ተስፋው ሁለቱን ጓደኛሞች አንድ አድርጎ አቆያቸው፤ ሽማግሌውን ከፍርሃት አወጣው፤ ብቸኛውን ክሩክስንም ለአንድ ማታ ቢሆን ከሰው ጋር ቀላቀለው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ!

ስለዚህ ጓደኛችን «ዶክተር እሆናለሁ» ወይም «ሯጭ እሆናለሁ» ሲለን አንሳቅበት። አብረን እናጥና፣ አብረን እንሩጥ።

የመልመጃ ጥያቄዎች
1. ካንዲ መሬቱን አብሮ ለመግዛት የፈለገው ለምንድን ነው?
2. ክሩክስ በመጀመሪያ የሳቀው ለምን ይመስላችኋል?
3. በእናንተ ህልም ውስጥ አብሯችሁ ያለው ማን ነው?

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!