ሰባቱ ወንድማማቾች፤ ስለ አዊ አቅኚ አባትና ስለ ልጆቹ

ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ የመጣ ጓደኛችንን «አገርህ ወዴት ነው?» ብለን ስንጠይቀው፥ «የሰባት ቤት አገው ልጅ ነኝ» ብሎ የሚመልስልን ጊዜ አለ። እኛም ሰምተን እናልፋለን። ዛሬ ግን ቆም ብለን፥ ሰባቱ ቤቶች እነማን ናቸው? ትውፊቱስ ለተማሪ ምን ያስተምራል? ብለን እንመርምር።

አረጋውያን እንደሚተርኩት፥ በጥንት ዘመን የአንድ አባት ልጆች የሆኑ ሰባት ወንድማማቾች ከላስታና ከዋግ በኩል ተነሥተው ወደ ጎጃም ምዕራብ መጥተው ሰፈሩ። አባታቸውን አንዳንዶች አዴል ይሉታል። የልጆቹም ስም አንከሻ፥ አዘና፥ ባንጃ፥ ጫራ፥ ኳኩራ፥ መተከልና ዚገም ነው። እያንዳንዱ ያቀናው መሬት በስሙ ተጠራ ይባላል። ባንጃ፥ አንከሻና ዚገም እስከ ዛሬ የወረዳ መጠሪያ ናቸው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውና ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን የሚያከብረው የፈረሰኞች ማኅበርም የሰባት ቤት አገው ስም ይዟል።

እንግዲህ ይህ ታሪክ እውነት ነውን? የቋንቋ ጥናት በከፊል ይመሰክርለታል። የአዊ ቋንቋ አዊኛ ከዋጉ ኽምጣና፥ ከቅማንትና ከቢለን ቋንቋ ጋር የአንድ ቤተ ሰብ ነው። ስለዚህ የዋግና የአዊ ሕዝብ ዝምድና ተረት አይደለም። ይሁን እንጂ አዊኛ ከሌሎቹ ሦስቱ እጅግ የራቀ በመሆኑ፥ መለያየቱ በጥቂት ትውልድ የሚቈጠር አይመስልም። ጀምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ በ1763 ዓ.ም. ወደ ግሽ ዓባይ ሲያልፍ፥ አገው ለጎንደር ከተማ ከብት፥ ማርና ቅቤ የሚያቀርብ ባለጸጋ ሕዝብ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ ሰባቱን ስሞች እንደ ሰባት ሰዎች የልደት መዝገብ ሳይሆን፥ የብዙ ዘመን አሰፋፈር በአንድ ቤተ ሰብ ስም እንደ ታሰረ ነዶ ብንመለከታቸው ይሻላል።

ታዲያ ለምን በቤተ ሰብ ስም ታሰረ? በጎጃም መሬትን መጀመሪያ መንጥሮ የያዘው ሰው «አቅኚ አባት» ይባል ነበር። ርስት የሚጠይቅ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ትውልዱን እስከዚያ አባት ድረስ መቍጠር ነበረበት። እንግዲያስ የአቅኚ ታሪክ የእሳት ዳር ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ የመሬት ሰነድም ነበር። ቤቶቹ በወንዶች ልጆች ስም ብቻ ይጠሩ እንጂ፥ በሥርዓቱ ሴት ልጅም ርስት ታስተላልፍ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባንም። ይህ የርስት ሥርዓት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቀረ።

ሰነዱ ቢቀርም «ማን ቀድሞ መጣ?» የሚለው ጥያቄ ግን አልቀረም። ለምሳሌ ሰባተኛውን ወንድም መተከልን እንውሰድ። ቀድሞ የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ቻግኒ ነበረች። ዛሬ ቻግኒ በአዊ ዞን ስትሆን የመተከል ዞን በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ነው። በዚያ የሚኖሩት ጉሙዞች ደግሞ አባቶቻቸው ከደጋው እየተገፉ ወደ ቆላ እንደ ወረዱ ይናገራሉ። የሰባቱ ወንድማማቾች ታሪክ ስለ እነርሱ ዝም ይላል። በ2011 ዓ.ም. በመተከል በዳንጉር ግጭት ተነሥቶ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ ወዲያውም በአዊ ዞን በጃዊ ጉሙዞች ተገደሉ። የሞቱት ሰዎች አቅኚ አባት ማን እንደ ነበረ አልተከራከሩም፤ ሠርተው ለማደር የወጡ ነበሩ።

ጓደኞቻችን ሆይ! አባቶቻችን ትውልድ መቍጠርን ያስተማሩን ወገናችንን እንድናውቅበት ነው እንጂ ጎረቤታችንን እንድናስወጣበት አይደለም። በመጪው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ከአረጋውያን እግር ሥር ተቀምጠን የአቅኚ አባቶችን ስም በጥንቃቄ እንጻፍ። ጽፈን ከመነሣታችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ «እነርሱ ሲመጡ በዚህ ማን ነበረ?» እንበል። መልሱንም እንደ ሰማነው እንመዝግበው።