ሎሚ የነካው ጎመን ለምን ይጠቁራል?

ጥያቄ፦ ጎመን ስቀቅል እንዲጣፍጥ ብዬ ሎሚ እጨምቅበታለሁ። አረንጓዴነቱ ግን ይጠፋል፤ እንግዳ ፊት ለማቅረብ ያሳፍራል። ምን ይሻለኛል?
(ከእንሴኖ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሎሚውን ቀድመው ጨምቀውት ነው። ለጎመን አረንጓዴ መልኩን የሚሰጠው ክሎሮፊል በውስጡ ማግኒዚየም አለው፤ እሳት ላይ እያለ አሲድ ሲገባበት ማግኒዚየሙ ይወጣና ቀለሙ ወደ ቡኒ ይለወጣል። ስለዚህ በደንብ በፈላ ውሃ፣ ድስቱን ሳይከድኑ ቶሎ ቀቅለው ያጥልሉት። ሎሚውን ለገበታ ሊያቀርቡ ሲሉ ብቻ ይጨምቁበት። ለጎመን ክትፎም ጥቂት ጠብታ ይበቃል (እኔስ ቅቤውና ኮረሪማው ይበቃኛል)። ሎሚ የገባበትን ምግብ በአሉሚኒየም ድስት አያሳድሩ፤ ብረት ብረት ይላል።

ሎሚ ጨጓራዎን የሚያቃጥልዎት ከሆነ ለጊዜው ይተዉት። ካልተሻለዎት ወይም ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።